ከግቢው የሚወጣው ጎርፍ

ከወልድያ ወደ ቆቦ የሚያቀናው አስፋልት አላ ውሃን ከተሻገረ በኋላ፣ ሮቢት ሳይደርስ፣ ጎብዬን መሀል ለመሀል ሰንጥቆ ያልፋል። በምዕራብ የጊዳን ደጋ ተደቅኗል፤ በምሥራቅ የዞብል ተራራ አፋርን ጋርዶ ቆሟል። በመካከል ያለው የራያ ቆላ ሜዳ ከራሱ ሰማይ የሚያገኘው ዝናብ ብዙ ጊዜ አይበቃውም፤ የጎደለውን ከደጋው በሚወርደው ጎርፍ ይሞላል። ከተሞቹ እየተሠሩ፣ ከሰሜኑ ጦርነት ወዲህም የፈረሰው እየተጠገነ ሲሄድ ግን ሌላ ጎርፍ መወለድ ጀምሯል፦ ከቆርቆሮ ጣሪያ፣ ከጋራዥ ወለል፣ ከተቆፈረ መሠረት፣ ከቤቶኔራ ሥር የሚነሳ።

ስለዚህኛው ጎርፍ ሁለት ሰዎች እንዲነጋገሩ አድርጌያለሁ። አንደኛው ከከተማዋ በታች ማሳ ያላቸው፣ የጎርፍ ተራ ሲያከፋፍሉና ሲዳኙ የኖሩ አዛውንት ገበሬ ናቸው። ሌላዋ የዚያው አገር ልጅ የሆነች ሲቪል መሐንዲስ ናት። ሁለቱም በሐሳቤ የተቀረጹ ናቸው፤ የሚያነሷቸው ቦታዎች፣ ሕጎችና ልኬቶች ግን የእውን ናቸው።

ገበሬው፦ ስለ ጎርፍ ትጽፋለች አሉኝ። ጎርፍ ከሆነ ነገሩ ያለው እኛ ዘንድ ነው ልጄ። ወረቀቱን ወዲያ አድርጊና መጀመሪያ ስሚኝ።

መሐንዲሷ፦ ለመስማት ነው የመጣሁት አባባ። የምጽፈው ከአንድ ገጽ የማይበልጥ ሐሳብ ነው። በጎብዬ ቤት፣ ሱቅ፣ ጋራዥ ወይም ማደያ የሚሠራ ሰው የግንባታ ፈቃድ ሲወስድ፣ ከግቢው ስለሚወጣው የዝናብ ውሃ ምን ግዴታ ይግባ የሚል። አንድ ሰው ፕላን ሲያጸድቅ ስለ ግድግዳው፣ ስለ ወሰኑ፣ ስለ ሽንት ቤቱ ይጠየቃል። ስለ ዝናቡ ከተጠየቀም «በየት ታስወጣዋለህ?» ነው። ውሃው ምን ይዞ እንደሚወጣ ግን እምብዛም አይጠየቅም።

ገበሬው፦ በየት ይወጣል? ወደኛ ነዋ! መሬቱ ወደ ፀሐይ መውጫ ያዘነብላል። የአስፋልቱ ዳር ዲች ዞሮ ዞሮ የሚያልቀው ማሳ ላይ ነው።

መሐንዲሷ፦ የኔም መነሻ ይኸው ነው። አዲስ አበባ ላይ ውሃው ቱቦ ውስጥ ይገባና ከዓይን ይጠፋል። ቀበና ገባ፣ ባንተይቀጡ ገባ፣ መጨረሻው አቃቂ ነው፤ እዚያ ታች በወንዙ ጎመንና ሰላጣ የሚያለማው ሰው ላይ ያርፋል። ለቃቂውና ተቀባዩ አይተዋወቁም። እዚህ ግን ይተዋወቃሉ። የዲቹ መጨረሻ የአንቱ ማሽላ ነው። ስለዚህ ደንቡን ከግቢው በር ሳይሆን ከማሳው ተነስቼ ልጽፈው እፈልጋለሁ።

ገበሬው፦ እንግዲያው የጎርፉን ዓይነት ልንገርሽ። የጊዳኑ ጎርፍ ድምፁ ከሩቅ ይሰማል። ውሃው ወፍራም ነው፤ ደለሉ ቅጠል የበሰበሰበት፣ እበት ያለበት ጥቁር አፈር ነው። በእንጨትና በድንጋይ ጠልፈን ማሳ ውስጥ እናስገባዋለን። አንዴ ጠግቦ የጠጣ መሬት ዝናብ ቢቀር እንኳ ማሽላውን ብዙ ጊዜ ያቆየዋል። እኔ ስዳኝ የኖርኩት የዚያን ውሃ ተራ ነው። ላይ ያለው ቀድሞ ያጠጣል፤ በቃህ ሲባል ይለቃል። አልለቅም ያለ በሽማግሌ ይቀጣል። የከተማው ጎርፍ ግን ተራ የለው፣ ዳኛ የለው። ሁሉም ከደጁ አስወጥቶ ወደ ጎረቤቱ ይገፋዋል። ላዩ ላይ ቀስተ ደመና የመሰለ ነገር ይንሳፈፋል፤ ፌስታሉ የማሽላውን አገዳ ጠምጥሞ ይቀራል፤ ሲደርቅ ግራጫ ቅርፊት ይሠራል። ያን ቅርፊት በዶማ ስትመቺው እንደ ገል ይሰበራል።

መሐንዲሷ፦ ቀስተ ደመናው የተቃጠለ ዘይት ነው። የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት ለሕዝብ በሚነግረው ስሌት፣ ከአንድ መኪና የአንድ ጊዜ ቅያሬ የሚወጣው ዘይት ብቻውን 3.8 ሚሊዮን ሊትር ያህል ንጹሕ ውሃ ሊያበላሽ ይችላል። በዚህ አስፋልት ላይ ስንት ከባድ መኪና ቆሞ ዘይት እንደሚቀይር አንቱም ያያሉ። ግራጫው ደግሞ ቤቶኔራና ባልዲ ሲታጠብ የሚወጣ ሲሚንቶ ነው። በአሲድና በአልካሊ መለኪያ ንጹሕ ውሃ 7 አካባቢ ነው፤ ሲሚንቶ ያጠበ ውሃ እስከ 12 ይወጣል። የግንበኞቹን እጅ የሚልጠው እሱ ነው። አፈር ላይ ሲተኛ ተክሉ ፎስፈረስና ብረት እንዳያገኝ ያስርበታል።

ገበሬው፦ አፈሩስ? ከመሠረት ተቆፍሮ መንገድ ዳር የሚከመረው አፈር በአንድ ዝናብ ታጥቦ ይወርዳል። በዚህ እንኳ ብዙ አልከፋም። ደለል ደለል ነው።

መሐንዲሷ፦ እዚህ ላይ አልስማማም አባባ። የጊዳኑ ደለል የደጋው የላይኛው አፈር ነው፤ ለምነቱን ይዞ ነው የሚመጣው። ከመሠረት የሚወጣው ሥር ያልነካው የታችኛው አፈር ነው። የተደለደለው ገረጋንቲም ቢሆን መንገድ ይሸከማል እንጂ እህል አያበቅልም። መጠኑም ቀላል አይምሰልዎት። እዚያው አሜሪካ የለኩት እንዳሳየው፣ ከተቆፈረ ግንባታ ቦታ የሚታጠበው አፈር ከእርሻ መሬት ከሚታጠበው ከ10 እስከ 20 እጥፍ ይደርሳል፤ ከደን መሬት ጋር ሲተያይ ደግሞ ከ1,000 እስከ 2,000 እጥፍ። ቦታው ትንሽ ነው፤ ግን ራቁቱን ነው፤ በላዩም መኪና ይመላለስበታል።

ገበሬው፦ እሺ፣ ለምነቱን ተይው። አንድ ነገር ግን እውነትሽን ነው፤ የቦዩን አፍ ይደፍንብናል። የደጋው ጎርፍ ሲመጣ ቦዩ ተደፍኖ ካገኘው ወደ ማሳ አይገባም፤ ሰብሮ ይሄዳል። ያን የምንጠርገው እኛ ነን፤ ያውም በዘር ጊዜ። ይኼ ቁጥር በወረቀትሽ ይግባ። የስንት ሰው ስንት ቀን ጉልበት እንደሚሄድ እኛ ቆጥረን እንሰጥሻለን።

መሐንዲሷ፦ ይግባ። እኔን በጣም የሚያስጨንቀኝ ግን ጊዜው ነው። ከጥቅምት እስከ በልግ መግቢያ አገሩ ደረቅ ነው። በነዚያ ወራት ዘይቱ፣ የጎማው ብናኝ፣ የሲሚንቶው አቧራ፣ የገበያው እበት መሬት ላይ ይጠራቀማል። የመጀመሪያው ዝናብ ሲመጣ ያን ሁሉ በአንድ ጊዜ ጠርጎ ይወስዳል። በየትም አገር የከተማ ጎርፍ ሲለካ ብዙውን ጊዜ ቆሻሻው የሚከብደው በመጀመሪያው ዝናብ፣ በዚያም ውስጥ በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ነው።

ገበሬው፦ ማሳው በጣም የሚጠማውም ያኔ ነው።

መሐንዲሷ፦ ያኔ ነው! እጅግ የቆሸሸው ውሃ የሚመጣው እጅግ በሚፈለግበት ቀን ነው። ሌላ ቦታ ቢሆን «የመጀመሪያውን ጎርፍ አታስገቡ» ብሎ መምከር ይቻል ነበር። ለራያ ገበሬ ያን ማለት ግን በልጁ ጉሮሮ መፍረድ ነው። ስለዚህ ሸክሙ ከላይ ባለው የግቢ ባለቤት ላይ መውደቅ የለበትም ብሎ የሚከራከረኝን ሰው አልሰማውም።

ገበሬው፦ ሕጉስ ምን ይላል? አገር ሕግ አጥታ አታውቅም።

መሐንዲሷ፦ ሕግማ አለ። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 44 ሁሉም ሰው ንጹሕና ጤናማ በሆነ አካባቢ የመኖር መብት አለው ይላል። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 አካባቢን መበከል ይከለክላል፤ የበከለም እንዲያጸዳ ወይም ወጪውን እንዲከፍል ያዛል። የውሃ ሀብት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 197/1992 ያለ ፈቃድ ቆሻሻ ወደ ውሃ ሀብት መልቀቅን ይከለክላል። ከሁሉ እኔን የሚያስደስተኝ የአዋጅ 300 አንቀጽ 11 ነው፤ ማንም ሰው፣ ጉዳቱ በራሴ ላይ ደረሰ ብሎ ማስረዳት ሳያስፈልገው፣ በበካይ ላይ ለአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት ማመልከት ይችላል። በ30 ቀን ውስጥ ውሳኔ ካላገኘ ወይም በውሳኔው ካልረካ፣ በ60 ቀን ውስጥ ፍርድ ቤት መሄድ ይችላል። አንቱም ይችላሉ።

ገበሬው፦ 30 ቀን? ልጄ፣ ጎርፉ በአንድ ሰዓት ያልፋል። ሰውየው በማግስቱ ግቢውን ጠርጎ ይጠብቅሻል። ምን ይዤ ነው የምከሰው?

መሐንዲሷ፦ ለዚህ ነው ግዴታው አስቀድሞ ፈቃዱ ላይ ይጻፍ የምለው። ሳይቃጠል በቅጠል። ችግሩ ግን ትልልቆቹ ሕጎች ወደ ትንሽ ከተማ ሲወርዱ እጃቸው አጭር ነው። የአካባቢ ተፅዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299/1995 የሚመለከተው በዝርዝር የተለዩ ፕሮጀክቶችን ነው፤ ባለ ሦስት ክፍል ሱቅ የሚሠራውን ሰው አይዘውም። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 ደግሞ በዋናነት የተጻፈው 10,000 እና ከዚያ በላይ ነዋሪ ላላቸው ከተሞች ነው። የኛን መሰሎቹ ከተሞች በዚያ ክፍተት ውስጥ ነው የሚያድጉት። አድገው መስፈርቱን ሲያሟሉ ደግሞ ጋራዡ ተሠርቷል፣ ዲቹ ተለስኗል፣ ሁሉም በነበረበት ይቀጥላል።

ገበሬው፦ ሌሎቹስ አገሮች እንዴት አደረጉት? ሁልጊዜ ከነሱ ነው የምትቀዱት።

መሐንዲሷ፦ የሚቀዳም የማይቀዳም አላቸው። አሜሪካኖቹ የውሃ ንጽሕና ሕጋቸውን ያወጡት እ.ኤ.አ. በ1972 ነው። መጀመሪያ ያተኮሩት በፋብሪካና በፍሳሽ ቱቦ ላይ ነበር። የዝናብ ጎርፍን በግልጽ ያስገቡት በ1987 ነው። በ1990 ደግሞ 5 ኤከር፣ ማለትም 2 ሄክታር ያህል መሬት የሚቆፍር ግንባታ ፈቃድ እንዲያወጣ አስገደዱ። ያ አልበቃም፤ በ1999 ወደ 1 ኤከር አወረዱት። 1 ኤከር ወደ 4,000 ካሬ ሜትር ነው። እንግዲህ ያን ቁጥር ገልብጬ ባመጣው ጎብዬ ውስጥ ማንን እይዝበታለሁ? እዚህ የአንድ ሰው ቦታ የሚቆጠረው በመቶዎች ካሬ ነው። ከባዱ ጉዳት የሚመጣው ከአንድ ትልቅ ግንባታ ሳይሆን ጎን ለጎን ከተደረደሩ ብዙ ትናንሾች ነው።

ገበሬው፦ ታዲያ ሁሉንም ልታስሪ ነው? አሁን ቤት የሚሠራው ማነው? ግማሹ በጦርነቱ የፈረሰበት ነው። ቆርቆሮ የሚገዛበት አጥቶ ልጁን ዘመድ ቤት ያስጠጋ ሰው አለ። እሱን «የጎርፍ መሐንዲስ ቅጠር» ብትይው ይረግምሻል፤ እኔም እረግምሻለሁ።

መሐንዲሷ፦ አይረግሙኝም። ለመኖሪያ ቤት የምጠይቀው ገንዘብ የማያስወጣ ነገር ብቻ ነው። የተቆፈረ አፈርና አሸዋ በዲቹ አፍ ላይ አይከመር፤ ከግቢው ላይኛ ጥግ ይከመር፤ ክረምት ከገባ በሸራ ወይም በማሽላ አገዳ ይሸፈን። በግቢው ታችኛ ጥግ፣ ውሃው በሚወጣበት በኩል፣ ሁለት ረድፍ ድንጋይ ይደርደር፤ ውሃው እየዘገየ ያልፋል፣ አፈሩ ይቀራል። ቤቶኔራም ሆነ ባልዲ የሚታጠበው ለዚሁ በተቆፈረ ጉድጓድ ላይ ይሁን፤ ሲደርቅ የጠነከረው ሲሚንቶ ተነስቶ ለመደልደያ ይሆናል። ግንባታው ከቆመ ደግሞ መሬቱ ራቁቱን አይክረም። ፎርማን የሆነ ሰው ይህን በግማሽ ቀን ያሠራዋል።

ገበሬው፦ ይኼማ እኛ ማሳ ላይ የምናደርገው ነው። እርከንና ክትር ነው።

መሐንዲሷ፦ ነው እንጂ። እዚህ አገር ሕዝቡ ተራራውን እርከን አልብሶታል። ግን ከተማ ውስጥ ስንገባ ያንኑ እውቀት በር ላይ እንተወዋለን። ደጋው ላይ ነውር የሆነው ከተማ ውስጥ ልማት ይባላል። ይኼ ያናድደኛል።

ገበሬው፦ ጋራዡና ማደያውስ? ቀስተ ደመናው ከነሱ ነው ብለሻል።

መሐንዲሷ፦ እነሱ ላይ ነው ከበድ የምለው። ላቫጆውንም ጨምሬ።

ገበሬው፦ ከበድ ከማለት ይልቅ ቀላል መንገድ ልንገርሽ። ግቢያቸው ውስጥ ጥልቅ ጉድጓድ ይቆፍሩና ውሃቸውን እዚያው ያስርጉት። ውሃ ለመሬት ነው። እኛ ጋ አይደርስም፣ እነሱም ይገላገላሉ።

መሐንዲሷ፦ ይህ ነው ብዙ ያሰብኩበት። የጣሪያ ውሃ ከሆነ እሰየው፤ ይስረግ። የጋራዥ ውሃ ግን አይሆንም። ምክንያቱን ልንገርዎት። ይህ ሜዳ ከሥሩ ጠጠርና አሸዋ ነው፤ ጎርፍ ከደጋው እያመጣ በብዙ ሺህ ዘመን የሞላው። ከሥሩ ያለው ውሃም ያው ጎርፍ ነው፤ በወንዞቹ ሆድ እየሰረገ የተጠራቀመ። የቆቦ ጊራና ሸለቆ ልማት ፕሮግራም የቆፈራቸው የመስኖ ጉድጓዶች የሚስቡት፣ ሆርማትና ጎሊና የተባሉት ወንዞች የሚመግቡት ያ ውሃ ነው። ከተሞቹም የሚጠጡት ከዚያ ነው። አሁን አንድ ሰው አሥር ሜትር ቆፍሮ ዘይት ያለበትን ውሃ ቢለቅበት፣ የሚያጣራውን የላይኛውን አፈር አልፎ በቀጥታ ወደ ጠጠሩ ላከው ማለት ነው። ሥር ያለበት፣ ሕይወት ያለበት አንድ ሁለት ክንድ አፈር ነው ውሃን የሚያጥበው። ማሳ ላይ የፈሰሰ ዘይት ለዓይን ይታያል፤ በተወሰኑ ዓመታት ፀሐይና አፈር ይበሉታል። ጉድጓድ የገባው ግን አይታይም። ሲታወቅ ደግሞ ከልጅ ልጅዎ ጉድጓድ ውስጥ ነው የሚታወቀው፤ ያኔ የሚጠርገው የለም።

ገበሬው፦ እንዲህ ከሆነስ እኔ ላይ ቢፈስ ይሻላል።

መሐንዲሷ፦ አንቱም ላይ አይፈስም፣ ጉድጓድም አይገባም። ዘይት ውሃ ላይ ይንሳፈፋል፤ ሥራችንን የሚያቀልልን ይህ ነው። ጋራዡ ዘይት የሚቀይርበት ቦታ ጣሪያ ይኑረው፤ ዝናብ ካልነካው ግማሹ ነገር አለቀ። ወለሉ ሊሾ ይሁን፣ ወደ አንድ ጥግ ያዘንብል። ከጥጉ ሁለት ክፍል ያለው የተገነባ ገንዳ ይኑር። አሸዋው በመጀመሪያው ክፍል ይወርዳል፤ በሁለተኛው ክፍል ዘይቱ ይንሳፈፋል፤ መውጫው ቱቦ ግን የሚስበው ከታች ከጠራው ውሃ ነው። የተንሳፈፈው እየተቀዳ በርሜል ይገባል።

ገበሬው፦ የተቃጠለውን ዘይትማ ይሸጡታል። ለምስጥ ብሎ እንጨት የሚቀባበት ሰው ይገዛቸዋል። ካገኘ እኔም ገዝቼ አውቃለሁ፤ የአጥር እንጨት ያቆያል።

መሐንዲሷ፦ እንጨቱ ከጉድጓድና ከቦይ ይራቅ እንጂ መሬት ላይ ከሚደፋ ያ ይሻላል። በርሜሉ ዋጋ ካለው ጠባቂ አለው።

ገበሬው፦ ገንዳው ስንት ያህል ይሁን? «ተገቢ መጠን» ብለሽ እንዳትጽፊ። ተገቢ የሚለው ቃል ማንንም አስሮ አያውቅም።

መሐንዲሷ፦ በቁጥር ነው የምጽፈው። ሒሳቡ ቀላል ነው፦ አንድ ካሬ ሜትር ላይ 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ ሲዘንብ 1 ሊትር ውሃ ይሆናል። 1,000 ካሬ ሜትር ያለው የማደያ ወይም የጋራዥ ግቢ ላይ የመጀመሪያዎቹ 10 ሚሊ ሜትሮች ሲዘንቡ 10,000 ሊትር፣ ማለትም 10 ሜትር ኩብ ነው። ስፋቱ 2 በ2 ሜትር ተኩል፣ ጥልቀቱ 2 ሜትር የሆነ ጉድጓድ ይይዘዋል። እጅግ የቆሸሸው ያ ነው። እሱ ከዘይቱ ገንዳ ወጥቶ፣ ጎንና ጎኑ በድንጋይ በተገነባ፣ ወለሉ በተለሰነ ማቆያ ውስጥ ይረጋ፤ ከዚያ በኋላ የሚመጣው ንጹሕ ጎርፍ ከላይ አልፎ ወደ ማሳ ይሂድ። አንቱ ውሃዎን አያጡም፤ የማይደርስዎት የመጀመሪያው ቆሻሻ ብቻ ነው።

ገበሬው፦ ሁለት ሜትር ጥልቅ ውሃ ከተማ መሀል? አንደኛ፣ ልጅ ይገባበታል። ሁለተኛ፣ ወባ አለ። ይኼ ቆላ መሆኑን ረሳሽው? መስከረም ላይ የቆመ ውሃ ባየን ቁጥር የምንፈራው እሱን ነው። አንቺ ከዘይት አድነሽ ለትንኝ ልትሰጭኝ ነው።

መሐንዲሷ፦ ልክ ብለዋል። ስለዚህ ክዳን ይኑረው። ውሃውም ከሦስት ቀን በላይ አይቆይ። የወባ ትንኝ ከእንቁላል ተነስታ ክንፍ እስክታወጣ በሙቀት እንኳ ሳምንትና ከዚያ በላይ ይፈጅባታል፤ በሦስት ቀን የሚደርቅ ማቆያ አያፈራትም። ሦስት ቀን ደግሞ ደለሉ ለመዝቀጥ ከበቂ በላይ ነው። ከታች አንድ ቧንቧ ይኑረውና ዝናቡ ባቆመ በሦስተኛው ቀን የጠራው ቀስ ብሎ ይለቀቅ።

ገበሬው፦ ማን ይለቀዋል? ባለ ጋራዡ በሦስተኛው ቀን አዲስ አበባ ቢሆንስ?

መሐንዲሷ፦ ቧንቧው ቀጭን ሆኖ ሁልጊዜ ክፍት ይሁን። ሰው ሳይነካው ቀስ ብሎ ይፈስሳል። በዚህ ላይ አንቱን ሰምቼ ነው የማስተካክለው፤ ሰው የሚጠብቅ ነገር እዚህ አይሠራም።

ገበሬው፦ አሁን ተግባባን። አንድ የሚያሳስበኝ ግን አለ። ሰው ጎርፍን የሚፈራው ሲገድል ነው። ዘይትና ሲሚንቶ ብትይው ማን ይሰማሻል?

መሐንዲሷ፦ እውነት ነው። በ1998 ዓ.ም. ክረምት ድሬዳዋ ላይ ደቻቱ በሌሊት ሞልቶ ከ200 በላይ ሰው ወሰደ። ከዚያ በኋላ በየከተማው ስለ ጎርፍ ሲወራ የሚታሰበው መከላከያ ግንብ ነው፤ ጋቢዮን፣ ሰፊ ካልቨርት፣ ትልቅ ቱቦ። ያ መሠራት አለበት፤ አልቃወምም። ግን ውሃውን ቶሎ ማባረር ብቻውን ሲታሰብ ቆሻሻውንም ቶሎ ታች ማድረስ ይሆናል። ሰፊው ቱቦ ለአንቱ ማሳ ሰፊ የቆሻሻ መንገድ ነው። ለመሆኑ ኮምቦልቻን ያውቁታል?

ገበሬው፦ ወልድያ ሳልፍ ደሴ፣ ደሴ ሳልፍ ኮምቦልቻ። አውቀዋለሁ።

መሐንዲሷ፦ እዚያ ትናንሾቹ ወንዞች በፋብሪካዎቹ መሀል አልፈው ወደ ቦርከና፣ ቦርከናም ወደ አዋሽ ይሄዳል። ተመራማሪዎች በነዚያ ወንዞች ውስጥ ለክተው ክሮሚየምን ጨምሮ ከባድ ብረቶች አግኝተዋል። ፋብሪካው ከቆመ፣ ሠራተኛው ከተቀጠረ፣ ከተማው በግብሩ ከኖረ በኋላ «አጣራ» ማለት የስንት ዓመት ክርክር ነው። ጎብዬ ፋብሪካ የላትም። ዛሬ አንድ ገጽ ደንብ ብትጽፍ የሚከራከራት ባለ ትንሽ ጋራዥ ነው፤ እሱም የገንዳው ወጪ ከመሠረቱ ወጪ ጋር ሲሰላ እምብዛም አይከብደውም። ቆይቶ ሲፈረስና ሲሠራ ነው የሚከብደው።

ገበሬው፦ መንገዱስ? ራሱ መንግሥት የሚሠራው? ከሁሉ የሚበልጠው ጎርፍ ከአስፋልቱ ነው የሚመጣው። የባቡር ሐዲዱም ሲቆፈር አፈሩ በየቦታው ተከምሮ አይተናል።

መሐንዲሷ፦ በማዘጋጃ ቤት ፈቃድ ትልቁን መንገድ ማሰር አልችልም። ግን ውስጥ ለውስጥ ያሉትን መንገዶች ኮብልስቶን እናድርጋቸው ሲባል በሲሚንቶ ሳይሆን በአሸዋ ይደርደር ማለት እችላለሁ፤ በድንጋዩ መሀል ውሃው ይሰርጋል። ዲቹ በሙሉ ከሚለሰን ደግሞ ሰፋ ብሎ ሣር የበቀለበት ቢሆን ሣሩ ደለሉን ይይዛል። ማዘጋጃ ቤቱ ለራሱ የማያደርገውን ከሰው ቢጠይቅ አያምርበትም።

ገበሬው፦ ተቆጣጣሪውስ ማነው? አንድ ወጣት ባለሙያ ከአንድ ቢሮ ይላካል፤ ክረምት ላይ ስልጠና ሄዷል ይባላል።

መሐንዲሷ፦ እዚህ ላይ ነው አንቱን የምፈልግዎት። ከዲቹ መጨረሻ ያሉ ገበሬዎች፣ የጎርፍ ተራ የምትዳኙት፣ አዲስ ጋራዥ ወይም ማደያ ሲፈቀድ እንድትፈርሙ ልጽፍ ነበር።

ገበሬው፦ አትጻፊው። ፊርማ ያለው ሰው ፊርማውን ይሸጣል። ዛሬ እኔ አልሸጠውም፤ ነገ የሚተካኝ ይሸጠዋል። ያኔ ባለ ጋራዡ ገንዳ መሥራቱን ትቶ እኛን መጋበዝ ይይዛል። ከልካይ አታድርጊን። ምስክር አድርጊን።

መሐንዲሷ፦ ምስክርነቱ በምን ይሁን? ቅድም እንዳሉት ጎርፉ በአንድ ሰዓት ያልፋል።

ገበሬው፦ እሱን አንቺ ተማሪዋ ንገሪኝ።

መሐንዲሷ፦ ጥርት ያለ የሃይላንድ ጠርሙስ ይበቃል። በበልጉ የመጀመሪያ ጎርፍ ከግቢው መውጫ ይሞላል፤ አንድ ሰዓት ቆሞ ይታያል። ደለሉ ከሥር ስንት ጣት ሆኖ እንደተቀመጠ በማስመሪያ ይለካል። ዘይት ካለ ከላይ ይንሳፈፋል። ሲሚንቶ ካለ ደግሞ ቀለም የሚቀይረው የመለኪያ ወረቀት ያሳያል፤ ወረቀቱ ርካሽ ነው፣ ከማዘጋጃ ቤቱ ይቀርባል። እኔ የማስቀምጠው ገደብ፣ ከግቢው የወጣው ከ9 በላይ ካሳየ ሲሚንቶ እጥበት ተለቋል ማለት ነው የሚል ነው። ጠርሙሱ ላይ የግቢው ስም፣ ቀኑና ሰዓቱ ይጻፋል። አዋጅ 300 ለመሥሪያ ቤቱ የሰጠው 30 ቀን ያን ይዘው ካመለከቱበት ቀን ይቆጠራል።

ገበሬው፦ ስንት ጠርሙስ?

መሐንዲሷ፦ ሁለት። አንዱ እናንተ ጋ፣ አንዱ ማዘጋጃ ቤት።

ገበሬው፦ ሦስት አድርጊው። አንዱን ለባለ ግቢው ስጪው። ተራ ስዳኝ የተከሰሰው ሰው በሌለበት ውሃ ለክቼ አላውቅም። ሲቀዳም እሱ ወይም ሠራተኛው ይቁም፤ እምቢ ካለ እምቢ ማለቱ ይጻፍ። ካልሆነ «ከሌላ ቦይ ቀድተው አመጡብኝ» ይላል፤ እውነትም ሊሆን ይችላል።

መሐንዲሷ፦ ከላይኛው ጎረቤት የገባውስ? ውሃው ንጹሕ ሆኖ ሳይገባ ከሱ ግቢ ቆሽሾ ወጣ ቢባል በደል ነው።

ገበሬው፦ እንግዲያው ከሚገባበትም ይቀዳ፣ ከሚወጣበትም ይቀዳ። የራሱን ብቻ ይጠየቅ። ይኼን ካስገባሽ ባለ ጋራዡም ደንቡን ይወደዋል፤ የላይኛው ጎረቤቱን እሱ ራሱ ይከስልሻል።

መሐንዲሷ፦ ከመግቢያው ሦስት፣ ከመውጫው ሦስት። የቦይ ጥርጊያውንም ጉልበት ቁጥር እጠብቃለሁ፤ በጎርፉ ወራት የስንት ሰው ስንት ቀን እንደሆነ። ማዘጋጃ ቤቱ የሚሰማው እሱን ነው።

ገበሬው፦ ዓርብ ከሰዎቹ ጋር እቀመጣለሁ። ቅዳሜ ገበያ ስወጣ ይዤልሽ እመጣለሁ።